የ«ሮዝበድ» መንሸራተቻ በ14.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ኬን የፈለገው ግን ምን ነበር?

ሦስተኛው_ረድፍ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በጁላይ 2025 አሜሪካ ውስጥ አንድ የልጅ የበረዶ መንሸራተቻ ለጨረታ ቀርቦ 14.75 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። «ሲቲዝን ኬን» ሲቀረጽ ከተሠሩት ጥቂት የእንጨት መንሸራተቻዎች አንዱ ነው፣ ላዩ ላይ «ሮዝበድ» የሚል ተጽፎበታል። ዜናውን ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው ይህን ክር የከፈትኩት። ፊልሙን ያላያችሁ፣ መጨረሻውን እናገራለሁና ተዘጋጁ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ኦርሰን ዌልስ በ1941 ያወጣው ፊልም ነው፣ ሲሠራው ገና 25 ዓመቱ ነበር። ቻርልስ ፎስተር ኬን የሚባል የጋዜጣ ቱጃር ዛናዱ በሚባለው ግዙፍ ቤቱ ውስጥ ይሞታል። የመጨረሻ ቃሉ «ሮዝበድ» ነው። ቶምፕሰን የሚባል ጋዜጠኛ የቃሉን ምስጢር ፍለጋ ኬንን ያወቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ያናግራል፣ ግን አያገኘውም። እኛ ተመልካቾቹ ብቻ መጨረሻ ላይ እናየዋለን። ሠራተኞች የሟቹን ዕቃ ሲያቃጥሉ አንዱ አሮጌ መንሸራተቻ አንስቶ ምድጃ ውስጥ ይወረውራል። ቀለሙ በእሳቱ እየተላጠ ጽሑፉ ይነበባል።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚይዘው «ገንዘብ ደስታን አይገዛም» የሚለውን ነው። እኔ ግን ፊልሙ ከዚህ የከበደ ነገር የሚናገር ይመስለኛል። ኮሎራዶ ያለውን ትዕይንት ልብ ብላችሁ እዩት። ልጁ መንሸራተቻውን ይዞ በረዶ ላይ ይጫወታል፣ ይጮኻል፣ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ስለ መንሸራተቻው አንድ ቃል አይተነፍስም። በእጁ እያለ ተራ ዕቃ ነው። ባለባንኩ ታቸር ከቤቱ ሊወስደው ሲመጣ በዚያው መንሸራተቻ ይገፋዋል። ከዚያ ሁሉም ይሄዳሉ፣ መንሸራተቻው በረዶ እየወረደበት ይቀራል፣ ከሩቅ የባቡር ፊሽካ ይሰማል። ውድ የሆነው እዚህ ላይ ነው፣ ከእጁ ከወጣ በኋላ። ፈረንሳዊው የሥነ ልቦና ተንታኝ ዣክ ላካን ስለ ምኞት ያስተማረው ነገር እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የጠፋብን ነገር ድሮ በእጃችን ሳለ ያረካን ነበር ብለን እናስባለን፣ ግን ያንን ውበት የሰጠው መጥፋቱ ራሱ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት ደግሞ አጭር ነው፣ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ገና ነው። ታቸር ለልጁ ስጦታ ይሰጠዋል። ልጁ ወረቀቱን ቀዶ ሲያየው አዲስ መንሸራተቻ ነው። የካፒታሊዝም መልስ ይኸው ነው፦ ጠፋብህ? እንካ ሌላ፣ ያውም አዲስ። የልጁን ፊት እዩትና ንገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የኬን ሕይወት በሙሉ የዚያ ስጦታ ተከታይ ነው። በ1929ኙ ቀውስ ከስሮ ጋዜጦቹን ለታቸር ሲያስረክብ፣ ሽማግሌው «አንድም ጊዜ በገንዘብህ ኢንቨስት አላደረግክም፣ ሁልጊዜ የምትጠቀምበት...» ብሎ ሲጀምር ኬን ራሱ ይጨርስለታል። ዕቃ ለመግዛት ነው ይላል።

ቶድ ማክጋወን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ2016 ስለ ካፒታሊዝምና ምኞት ባሳተመው መጽሐፍ የሚከራከረው በዚሁ መስመር ነው። እንደ እሱ ካፒታሊዝም የሚይዘን ባለማርካቱ ብቻ አይደለም። እርካታችን ያለው በፍለጋው፣ በጉድለቱ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ እርካታ ነገ በሚገዛው ዕቃ ውስጥ አለ ብለን እንድናምን ስለሚያደርገን ነው የሚይዘን። ነገውም አያልቅም። የላም አለኝ በሰማይ ነገር ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የድሮ_ተማሪ፦

ልጄ፣ ጥሩ ጽፈሃል። አንድ ነገር ግን ዘልለሃል፣ የዘለልከው ደግሞ ዋናውን ነው።

የኮሎራዶው ትዕይንት ውስጥ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። የኬን እናት ተከራይ ታሳድር የነበረች ሴት ናት። ኪራይ መክፈል ያቃተው አንድ ሰው፣ ምንም አያወጣም የተባለ የማዕድን ማውጫ ወረቀት ትቶላት ይሄዳል። ማውጫው ሀብት ሆኖ ተገኘ። አሁን ባንኩ ማውጫውንም ልጁንም ይረከባል፣ ለባልና ሚስቱ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዓመት 50,000 ዶላር ይከፈላቸዋል። ስለዚህ የዚህ ልጅ ማጣት ውል አለው፣ ፊርማ አለው፣ ዋጋ አለው። ላካንና ተከታዮቹ «ሰው ሲፈጠር ጀምሮ ጎዶሎ ነው» ሲሉ ይህን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ያነሱታል። ጉድለቱን ዘላለማዊ ካደረግነው ባንኩን ማን ይጠይቀው?

በእኛ ጊዜ የሳይኮአናሊሲስን (ስውር አእምሮን የሚመረምረውን የሥነ ልቦና ትምህርት) መሥራች ፍሮይድን ያነሳ ሰው ንዑስ ከበርቴ ይባል ነበር። ያ ስህተት ነበር፣ ብዙ ጥሩ ጥያቄ ዘግቶብናል። ቢሆንም ማርክስ በ1867 የጻፈው ነገር አሁንም ይሠራል። ሸቀጥ በሰዎች መካከል ያለውን ግንኙነት ደብቆ፣ ዋጋው ከራሱ ከዕቃው የፈለቀ ያስመስላል። አንተ መንሸራተቻውን ብቻ ስታየው፣ ከጀርባው ያለችው ድሃ እናት ትጠፋብሃለች።

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም፣ ፊልሙን አላየሁትም፣ ግን ክሩን እየተከታተልኩ ነው። ላካን የሚባለው ሰው ሁልጊዜ ይከብደኛል። ፍላጎትና ምኞት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ረሃብም ጉድለት አይደል እንዴ? በቀላሉ የሚያስረዳኝ ካለ።

ሦስተኛው_ረድፍ፦

@አዲስ_ገቢ ሕፃን ልጅ አስብ። ይርበዋል፣ ያለቅሳል። ረሃቡ ፍላጎት ነው፣ ወተት ይመልሰዋል። ለቅሶው ግን ወተት ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፣ እናቱን ነው የሚጠራው፦ ነይ፣ እይኝ፣ ውደጂኝ። ወተቱን ጠጥቶ ከጠገበም በኋላ ያ ጥሪ ሙሉ መልስ አያገኝም። ማንም እናት ብትሆን ሙሉ መልስ መስጠት አትችልም። ያ የሚተርፈው ነው ምኞት የሚባለው። ስለዚህ ረሃብ ይጠፋል፣ ምኞት ግን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይዘዋወራል እንጂ አይጠፋም።

@የድሮ_ተማሪ ጋሼ፣ ስለ ውሉ ያሉትን እቀበላለሁ፣ ፊልሙ ራሱ ጠረጴዛውን ፊት ለፊት አድርጎ ልጁን ከኋላ በመስኮቱ ስላሳየን መካድም አይቻልም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ማርክስ ታቸርን በደንብ ያብራራልኛል። ገንዘብ ሸቀጥ ይሆናል፣ ሸቀጡ ተመልሶ የበለጠ ገንዘብ ይሆናል፣ ታቸር በዚህ ይኖራል። ኬን ግን እንደዚያ አይደለም። ጋዜጣው በዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከስራል ሲሉት፣ በዚህ አያያዝ ከ60 ዓመት በኋላ መዝጋቴ ነው ብሎ ይስቃል። ሐውልት ከአውሮፓ ያስመጣል፣ ሣጥኑን ሳይከፍተው መጋዘን ያስገባዋል። የማይሸጠውን፣ የማያየውን፣ የማያተርፍበትን ነገር ለምን ይገዛል?

ፍሮይድ በ1920 የጻፈው ነገር አለ። የአንድ ዓመት ተኩል የልጅ ልጁ እናቱ ስትወጣ አያለቅስም። ክር የታሰረበት ማጠንጠኛ ይዞ ከአልጋው ማዶ ይወረውረዋል፣ ከዚያ ይስበዋል። ፍሮይድን የገረመው ልጁ ብዙ ጊዜ የሚደጋግመው መወርወሩን ብቻ መሆኑ ነው፣ ማለትም የሚያሳዝነውን ክፍል። ማጣቱን ራሱ ይጫወተዋል። ኬንም ሣጥኖቹን የሚያከማቸው እንዲህ ይመስለኛል።

ጨለማ_ክፍል፦

ሁላችሁም ስለ ኬን ነው የምታወሩት። ለእኔ የፊልሙ ልብ የኬን የጋዜጣ ባልደረባ በርንስታይን ነው።

ቶምፕሰን ሊጠይቀው ይመጣል። በርንስታይን አሁን ሽማግሌ ነው፣ የኩባንያው ሊቀመንበር ሆኖ ጊዜ ብቻ ነው የተረፈው። ሮዝበድ ምናልባት የጠፋበት ነገር ይሆናል ይላል። ከዚያ በመሃል ስለ ራሱ ማውራት ይጀምራል። በ1896 አንድ ቀን ወደ ኒው ጀርሲ በጀልባ ሲሻገር ሌላ ጀልባ ይገባል፣ እዚያ ላይ አንዲት ልጅ ቆማለች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጭ ጃንጥላ ይዛለች። ያያት ለአንዲት ሰኮንድ ነው። እሷ ጭራሽ አላየችውም። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ሳላስብ ያለፈ አንድ ወር የለም ይላል።

ይህን ሲናገር የፊቱን መረጋጋት ተመልከቱት። አላዘነም። ፍለጋ አልወጣም። አግኝቷት ቢያገባት ኖሮ ስለ ኪራይና ስለ ጉንፋን የሚያወሩ ባልና ሚስት ይሆኑ ነበር፣ ነጩ ቀሚስም ያኔ አብሮ ይጠፋ ነበር። በርንስታይን ጉድለቱን ይዞ ተቀምጧል፣ ጉድለቱ ደግሞ ያስደስተዋል። ኬን ግን ያችን ልጅ ቢያያት ኖሮ ጀልባውን በሙሉ ይገዛው ነበር። @ሦስተኛው_ረድፍ ማክጋወን የሚለውን እርካታ ማየት ከፈለግክ እዚህ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አለልህ።

ደግሞ ያንን ትዕይንት ፊልሙ አያሳየንም። ልጅቷን አናያትም፣ ጀልባው የለም፣ ሽማግሌው ብቻ ያወራል። ካሜራው ቢያሳየን ኖሮ አንዲት ተዋናይት አይተን እንረሳት ነበር።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

እስካሁን የተጻፈውን በሙሉ አነበብኩ። የኬንን ሁለተኛ ሚስት ሱዛንን ማንም አላነሳትም፣ ይህ አናዶኛል።

እንግሊዛዊቷ የፊልም ምሁር ላውራ መልቪ በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ የሆሊውድ ፊልም ሲኒማ ቤቱን በሙሉ በወንድ ዓይን እንዲያይ እንዴት እንደሚያደርገው አሳይታለች። ወንዱ ያያል፣ ሴቷ ትታያለች። እሷም የተነሳችው ከፍሮይድና ከላካን ነው፣ ግን ለፖለቲካ ልትጠቀምበት። ኬን ላይ ብንሞክረው ምን እናገኛለን?

ኬን ሱዛንን ያገኛት መንገድ ላይ ነው። ጋሪ ጭቃ ረጭቶበት ስትስቅበት። ጥርሷን አሟታል። እሱ የሟች እናቱን ዕቃ ሊያይ ወደ መጋዘን እየሄደ ነበር። እሷ ማን እንደሆነ አታውቅም፣ እንዲሁ ነው የወደደችው። እናቴ ኦፔራ እንድዘፍን ትፈልግ ነበር ትለዋለች። አለቀ! እሱ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ያያት ሱዛንን አይደለም። ድምፅዋ ለኦፔራ እንደማይበቃ እሷ ታውቃለች፣ አስተማሪዋ ያውቃል፣ ኬን ብቻ ነው አልሰማ ያለው። ቺካጎ ላይ ኦፔራ ቤት ያሠራላታል። ሰው ይስቅባታል። መዝፈን ይብቃኝ ብትል እምቢ ይላል፣ መጨረሻ ራሷን ልታጠፋ መድኃኒት ትወስዳለች። ከዚያ ዛናዱ ውስጥ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሥዕል ስትገጣጥም እናያታለን።

ጥላው ልትሄድ ስትል ይለምናታል፣ እሷም ለአፍታ ትለዝባለች። ከዚያ «ይህን በእኔ ላይ ልታደርጊ አትችዪም» ይላል። ያች ቃል ሁሉን ነገር ታሳያታለች። በደሉ የሚደርሰው በአንተ ላይ ነው ማለት ነው፣ በእኔ አይደለም? ትለዋለች። እችላለሁ ብላ ትወጣለች። በፊልሙ ውስጥ ከኬን ሕልም ውስጥ በእግሯ ተራምዳ የወጣች ሰው እሷ ናት። ስለ ምኞት ስናወራ የምኞቱ ዕቃ ሆኖ የከረመ ሰው ምን እንደሚል መስማት አለብን።

ሌላም ነገር አለ። ኬን ሲሞት ከእጁ የወደቀው በውስጡ በረዶ የሚወርድበት የመስታወት ኳስ፣ መጀመሪያ የሚታየው ሱዛን ክፍል ውስጥ፣ በተዋወቁበት ምሽት ነው። የእሷ ዕቃ ነው። ሁሉም ስለ መንሸራተቻው ይጽፋል፣ እጁ ላይ የነበረው ግን የእሷ ነበር።

ቀበና_ማታ፦

እኔ ደግሞ ከሁላችሁም ጋር አልስማማም። ምኞትን ከጉድለት ጋር ማን አሰረው? ፈረንሳውያኑ አሳቢዎች ዴሌዝና ጓታሪ በ1972 ባሳተሙት መጽሐፍ የተነሱት ይህንኑ ለመቃወም ነው። ምኞት ይሠራል፣ ያገናኛል፣ ያመርታል። ጉድለት ከላይ የሚጫን ነገር ነው፣ ሳይኮአናሊሲስም ሁሉን ነገር ወደ እናት፣ አባትና ልጅ አሳንሶ ይህንን ያግዛል ይላሉ።

የኬንን የወጣትነት ጊዜ እዩ። ጋዜጣውን በያዘበት የመጀመሪያ ቀን አልጋ አስገብቶ ቢሮው ውስጥ ይተኛል። በአንድ ሌሊት የፊት ገጹን ደጋግሞ ያስቀይራል። ጓደኛው ሌላንድ አለ፣ በርንስታይን አለ፣ ቀለም አለ፣ ማሽን አለ። እዚያ ክፍል ውስጥ እናቱን የሚፈልግ ልጅ አይታየኝም። የሚታየኝ የሚሠራ ሰው ነው። ያንን ጉልበት ያቀዘቀዘው ምንድን ነው የሚለው ይበልጥ የሚጠቅመን ጥያቄ ነው። ሮዝበድ ሁሉን የሚያብራራ ቁልፍ ከሆነ ያ ሌሊት ትርጉም አልነበረውም ማለት ነው። ቶምፕሰን ራሱ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል የሰውን ሕይወት ሊያብራራ አይችልም ብሎ ይሄዳል፣ እኔ አምነዋለሁ።

ዱባይ_ሁለተኛ_ፎቅ፦

እኔ የፍልስፍና ተማሪ አይደለሁም። ሞል ውስጥ ቦርሳና ሽቶ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ግን ይህ ክር ስለ ሥራዬ ነው የሚያወራው።

ደንበኛ ሲገባ ፊቱን አያለሁ። ቦርሳው ከመደርደሪያው ላይ እያለ፣ መብራቱ ስር፣ ዓይኗ አይነሳም። አውርጄ እጇ ላይ ስሰጣት ደስታዋ አለ። መስታወት ፊት ስትቆም አለ። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ አለ። ከዚያ ከረጢት ውስጥ ሳስገባው አንድ ነገር ይቀንሳል። በግልጽ ይታያል። አንዳንዷ እዚያው ቆማ ሌላ መደርደሪያ ታያለች። አለቃችን ይህን ያውቃል፣ ለዚህ ነው አዲሱን ዕቃ ከክፍያው አጠገብ እንድናስቀምጥ የሚያደርገው። ስለ ላካን አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም፣ ግን ሥራውን በዚህ ነው የሚሠራው።

እኔም ለራሴ የገዛሁት ነገር ቶሎ ይሰለቸኛል። ወደ ቤት ካርጎ የምልክ ጊዜ ግን ሌላ ነው። ሣጥኑን ስሞላ፣ ይህ ለእናቴ፣ ይህ ለእህቴ ልጅ እያልኩ፣ ሲከፍቱት አላይም። ያ ደስታ ለምን እንደማይቀንስ አላውቅም። የሚያብራራ ካለ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው_ረድፍ፦

@ዱባይ_ሁለተኛ_ፎቅ ከዚህ በላይ ጥሩ አስተያየት እስካሁን አልተጻፈም። ለመመለስ ልሞክር። ለራስሽ የገዛሽው ነገር ከሱቁ ሲወጣ ተስፋው ያልቃል፣ ምክንያቱም ተስፋው «ይህን ካገኘሁ ይሞላልኛል» የሚል ነበር። ካርጎው ውስጥ ያለው ነገር ግን አንቺን ሊሞላ አልተገዛም። ሰጥተሽው ታጪዋለሽ፣ የሚከፈትበትንም ቅጽበት አታዪም። ጉድለቱ መጀመሪያውኑ የስጦታው አካል ነው፣ ስለዚህ ሱቁ ሊሸጥልሽ የሚሞክረው ውሸት እዚህ ቦታ የለውም። ላካን ፍቅር ማለት የሌለህን መስጠት ነው ብሎ ነበር፣ ያንቺ ሣጥን ሳይሆን አይቀርም ያስረዳኝ።

@ከሲልቨር_ስፕሪንግ ስለ መስታወቱ ኳስ ያልሽው ልክ ነው። ለኬን እናቱና ሱዛን አንድ ቦታ ላይ ተደራርበዋል፣ ዋጋውን የከፈለችው ግን ሱዛን ናት።

@ቀበና_ማታ የጋዜጣውን ሌሊት ዴሌዝና ጓታሪ ከላካን በተሻለ ያዩታል፣ በዚህ አልከራከርህም። ከዚያ በኋላ የመጡትን ሣጥኖች ግን እንዴት ታየዋለህ?

አሁን ወደ ጨረታው ልመለስ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የዕቃ ቆጠራ አለ። ራስ የሌላት የቬነስ ሐውልት፣ 25,000 ዶላር። ከኬን እናት ቤት የመጣ አሮጌ ምድጃ፣ ሁለት ዶላር። መንሸራተቻው ዋጋም አልወጣለትም፣ ቆሻሻ ተብሎ እሳት ውስጥ ገባ። አሽከሩ ሬይመንድ ደግሞ ስለ ሮዝበድ ልነግርህ እችላለሁ ብሎ ከቶምፕሰን አንድ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ይህ ፊልም ዋጋ የማይወጣለትን ነገር ሊያሳየን ነው የተሠራው፣ አሁን ግን ያ ነገር 14.75 ሚሊዮን ዶላር ሆኗል። ካፒታሊዝም ራሱን የሚወቅስ ፊልም ሲያገኝ አይቆጣም፣ ይሸጠዋል። ኬን በብዙ የተቀዳበት ዊሊያም ራንዶልፍ ኸርስት ፊልሙ በጋዜጦቹ እንዳይጠቀስ ከልክሎ ነበር። ያ የድሮ መንገድ ነው። ጨረታው ከዚያ የበለጠ ኃይል አለው።

አዲስ_ገቢ፦

ትናንት ማታ አየሁት። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ይከብደኛል ብዬ ነበር፣ ሳላቋርጥ ነው የጨረስኩት።

@የድሮ_ተማሪ ጋሼ፣ እናትየው ልጇን የሸጠችው አይመስለኝም። ፊርማው ካለቀ በኋላ አባትየው መስኮቱን ይዘጋዋል፣ እሷ ደግሞ ሄዳ ትከፍተዋለች። ከዚያ ልጁን ትጠራለች። ሻንጣው ከሳምንት በፊት ጀምሮ ተዘጋጅቷል ትላለች፣ ይህን ስትል ፊቷን አይቼ አልቻልኩም። ውጭ ደግሞ አባትየው ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ዱላ ነው ሲል፣ እሷ ለዚህ ነው አንተ የማትደርስበት ቦታ የሚያድገው ብላ ትመልሳለች። ልጁን ለማዳን ነው የላከችው። ይህ በውሉ ውስጥ አልተጻፈም።

የድሮ_ተማሪ፦

ተባረክ፣ ጥሩ አይተሃል። መስኮቱን መክፈቷን እኔም ልብ ብዬዋለሁ። እንዳልከውም ከዱላ ልታድነው ነው የላከችው።

ግን ጥያቄውን አንድ እርምጃ ግፋው። ልጇን ከባሏ ዱላ ለማዳን የነበራት አማራጭ ምን ነበር? ማውጫው ከመምጣቱ በፊት ምንም አልነበራትም። ከመጣ በኋላ አንድ በር ተከፈተ፣ እሱም የባንኩ በር ነው። ባንኩ ደግሞ ልጁን ብቻ አይወስድም፣ ማውጫውንም ይወስዳል፣ እሷንም ከልጇ ጋር አብራ አያሳድራትም። ፍቅሯ እውነት ነው። ፍቅሯ መውጫ ያገኘው ግን በዚያ ወረቀት ብቻ ነው፣ እኔ ውሉን አትርሱ የምለው ለዚህ ነው። @ሦስተኛው_ረድፍ ታቸርን ማርክስ ያብራራዋል ብለሃል። እስቲ ፊልሙን አንድ ጊዜ እናትየዋን ብቻ እየተከተልክ እየው፣ ከዚያ እንነጋገራለን።